የኢስታር ካርድ

ጉግሳን የማያውቅ የድሬ ሰው ካለ፣ ታሞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ከከዚራ ብዙም በማይርቅ አንድ ሐኪም ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሆነው ከደጋ የመጡ ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው እዚሁ ነው። ሶማሊኛውንም ኦሮምኛውንም ከአማርኛው ጋር እየቀላቀለ ሲያወራ መስማት ራሱ ግማሽ ሕክምና ነበር።

ያን ጊዜ ካርድ ማለት ታጥፎ የተሰፋ ወፍራም ወረቀት ነው። በሽተኛው ምን እንደታመመ፣ ምን እንደተሰጠው፣ ምን እንደማይስማማው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይሰፍራል። የካርድ ቁጥሩ የተጻፈባትን ቁራጭ ወረቀት ጥሎ የመጣ ሰው ሌላ ቦታ ቢሆን ግማሽ ቀን ይጉላላል። ጉግሳ መስኮት ላይ ከደረሰ ግን አለቀለት። «አቦ፣ የሳቢያኑ ኢስማዒል አይደለህም እንዴ? ያ ሳልህ አሁንም አልለቀቀህም?» ይልና መዝገብ ሳይገልጥ፣ ቁጥር ሳይጠይቅ ሄዶ ከመደርደሪያው ይመዝዘዋል። የስም ማውጫው መዝገብ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል። በዚህ ሰውዬው ሲኮራ አይጣል ነው!

ሌላም የሚኮራበት ነገር ነበረው። ድሬ ውስጥ ብዙ ባል የሚስቱን ስም በሰልፍ መሀል ጮክ ብሎ መጥራት ያፍራል። «ቤተሰቤ ታማብኛለች» ይላል፤ በቃ። ጉግሳም ጨዋ ነውና ስሟ ማነው ብሎ አይጠይቅም። ካርዱን ያወጣል፣ ባልየውም «አላህ ይስጥህ፣ ጋሽ ጉግሳ» ብሎ ይሄዳል። የሰዉን ክብር ጠበቅሁ ብሎ፣ በየክፍሉም በሽተኛ በስም ሳይሆን በቁጥር እንዲጠራ ያስወሰነው እሱ ነው።

ሲስተር ወይንሸት አዲስ የተመደበች ነርስ ነበረች። አንድ ቀን ነገሩን አይታ አላስችላት አለ።

«ጋሽ ጉግሳ፣ ኧረ ስም ይጠይቁ! ኩባዊው ሐኪም አማርኛም ሶማሊኛም አይሰማም። የሚያየው ካርዱን ነው።»

«አንቺ ትናንት መጥተሽ ነው የድሬን ሰው የምታስተምሪኝ?» አላት። ሰልፈኛው ሳቀ፣ እሷም ቀልታ ሄደች።

በ1973 ዓ.ም.፣ በሰኔ ወር፣ ሙቀቱ ሰውን እያፈላ ባለበት አንድ ጠዋት ሽሬ የሚባል ነጋዴ መጣ። መጋላ ገበያ ውስጥ ሱቅ ያለው፣ ሁለት ሚስቶች ያሉት ሰው ነው። ትልቋ ኢስታር፣ ትንሿ ሆዳን ይባላሉ። ሆዳን ወባ ስለሚመላለስባት በየወሩ ትመጣለች፤ ኢስታር ግን ከሦስት ዓመት ወዲህ ደጁን ረግጣው አታውቅም።

«ጋሽ ጉግሳ፣ ቤተሰቤን ትኩሳት ሊገድላት ነው» አለ ሽሬ።

ጉግሳ አሻግሮ አየ። አንዲት ሴት በሻሽ ተጀቡና አግዳሚው ላይ ተኝታለች፤ ፊቷ አይታይም። የቷ ናት ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ወንዶች ቆመዋል፣ ነውር መሰለው። እጁ በልማድ ሄዳ የሆዳንን ካርድ አወጣች።

የኢስታር ካርድ ላይ፣ ከላይ፣ በቀይ ቀለም፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም «ፔኒሲሊን በፍጹም እንዳትወጋ» ተብሎ ተጽፏል። የሆዳን ካርድ ላይ ምንም ቀይ ነገር የለም።

ሐኪሙ ደረቷን አዳመጠ፣ ካርዱን አየ፣ የሚከለክል ነገር አላገኘም። በአዲስ ወረቀት ላይ ፔኒሲሊን አዘዘና ወረቀቱን ካርዱ ውስጥ ሸጎጠው። መርፌ የሚወጋው ሣህሉ ደግሞ ጥንቁቅ ልጅ ነበር፤ እሱም ካርዱን ገልጦ አየ። ከዚያ ወጋት።

ጉግሳ ጩኸቱን የሰማው ከመስኮቱ ሳይነሣ ነው። «ኢስታር! ኢስታር! ወላሂ ሞተችብኝ! ኢስታር!» ያ የሚስቱን ስም መጥራት የሚያፍረው ሽሬ፣ ግቢው እስኪናጋ በስሟ እየጠራት ነበር።

ጉግሳ ከወንበሩ ተነሣ። ሮጦ ወደ መደርደሪያው ሄደ፣ የኢስታርን ካርድ አወጣ፣ ቀዩን ጽሑፍ አየው። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ሰውየውን የምታዘበው። መሳሳትስ ይሁን፣ ማን የማይሳሳት አለ? እሱ ግን መርፌ ክፍል ገብቶ፣ ሐኪሙም ሣህሉም ሴትየዋ ላይ ጎንበስ ብለው ነፍሷን ሲታገሉላት፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የሆዳንን ካርድ ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። ሐኪሙ የጻፈባትን አዲስ ወረቀት የኢስታር ካርድ ውስጥ ሸጎጠና በሆዳን ካርድ ምትክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ማንም አላየውም።

ኢስታር ተረፈች። ሦስት ቀን ተኝታ፣ ፊቷ አብጦ፣ ግን ተረፈች።

በሳምንቱ የሐኪም ቤቱ ሠራተኛ ለሂስና ግለሂስ ተሰበሰበ። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ቀዩ ጽሑፍ ከሩቅ ይጮኻል። ኩባዊው እንግዳ ነውና ማንም ሊናገረው አልፈለገም፤ ነገሩ ሁሉ ሣህሉ ላይ ተከመረ። ሣህሉ ተነሥቶ ቆመ።

«ጓዶች፣ ካርዱን አይቻለሁ። ቀይ ነገር አላየሁም ነበር። አሁን ግን ይኸው አለ። ካርድ አይዋሽም። እንግዲህ ዓይኔ ነው የከዳኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው የሚል ሐሳብ ቀረበ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ተባለ። ጉግሳ እጁን አወጣ። አዎ፣ አወጣ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እያለ በልቡ፣ እጁን ግን ከሰው ሁሉ ጋር አወጣ።

ሣህሉ ከዚያ በኋላ መርፌ አልጨብጥም ብሎ በራሱ ፈቃድ ፋሻ ማጠቢያ ክፍል ገባ። ጉግሳም መስኮቱ ላይ መቀለድ ተወ። ሰው «ጋሽ ጉግሳ፣ ምነው ከሳህ?» ሲለው «ሙቀቱ ነው» ይላል። የሆዳንን ካርድ ባነሣ ቁጥር ጠርዙ ላይ የቀረች የአውራ ጣት አሻራ ታፈጥበታለች። ሣህሉ የቁስል መድኃኒት በነካው ጣቱ ካርዱን ሲገልጥ የተዋት ሐምራዊ አሻራ ናት። ሊፍቃት ሞከረ፤ አልለቅ አለችው።

ያልቻለው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ሣህሉን ከኒም ዛፉ ሥር ብቻውን ቆሞ አየው። አንድ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ማዶ ግድግዳ ላይ የተጻፈውን መፈክር ፊደል በፊደል ያነባል። ከዚያ ሌላውን ዓይኑን ሸፍኖ እንደገና ከመጀመሪያው ያነባል። አንዲት ፊደል አልሳተም። ጨርሶ ራሱን ነቀነቀና እንደገና ጀመረ።

ጉግሳ ካርድ ክፍል ገባ፣ የሆዳንን ካርድ ይዞ ተመለሰ፣ ፊቱ ዘረጋለት።

«ሣህሉ፣ ያን ቀን የያዝከው ይህን ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትኩት። እኔው ነኝ የቀየርኩትም።»

ሣህሉ ካርዱን ተቀበለ። አሻራዋን አየ፣ የራሱን አውራ ጣት ላይዋ አደረገ። ልክ ነች።

«ቀይ የለበትም» አለ።

«የለበትም።»

«ያን ቀንም አልነበረበትም?»

«አልነበረበትም፣ ወንድሜ።»

ጉግሳ ጥፊ ጠብቆ ነበር፤ ምነው በመታኝ ብሎም ተመኝቷል። ሣህሉ ግን ካርዱን መለሰለትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሽ ጉግሳ፣ ኢስታር ከአልጋ እንደተነሣች ቤቴ መጥታ ይቅር ብላኛለች፣ ሰምተዋል?» አለው። «እግሯ ላይ ወድቄ አልቅሻለሁ። ልጆቼ እያዩኝ። ይሄን እንዴት አድርገው ነው የሚመልሱልኝ?»

ጉግሳ አንገቱን ደፋ።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባው ላይ ተነሥቶ ሁሉንም ዘረገፈው። በፊት እጁን ያወጣው ሰው ሁሉ ወለል ወለሉን አየ። ጉግሳ ከመስኮቱ ተነሥቶ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ እንዲሆን፣ ሣህሉም በክብር ወደ መርፌ ክፍል እንዲመለስ ተወሰነ፤ ተጨበጨበም።

ሰኞ ጠዋት ጉግሳ ቁልፉን ሊያስረክብ ሲያልፍ መርፌ ክፍሉ ተከፍቶ አየ። ሣህሉ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ መድኃኒቱን ስቦ ቆሟል። አንዲት አሮጊት ክንዳቸውን ገልጠው ይጠብቃሉ። ሣህሉ ካርዱን አየ፣ ስማቸውን ጠየቀ፣ እንደገና ካርዱን አየ፣ እንደገና ጠየቀ። ሴትዮዋ ሦስተኛ ጊዜ ስማቸውን ሲነግሩት ሣህሉ ካርዱን ዘጋው። መርፌውን ትሪው ላይ አስቀመጠና «ሲስተር ወይንሸት፣ አንቺ ውጊያቸው» አለ።

ጋዋኑን አውልቆ ሲወጣ በር ላይ ከጉግሳ ጋር ተገጣጠሙ። ሣህሉ በትሕትና ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣውና አለፈ።