ለአሻንጉሊት ፊልም ጨለማ ፍለጋ

ትናንት ጠዋት ከአስኮ የወጣሁት ጨለማ ፍለጋ ነው። ለሰፈሬ ልጆች የአሻንጉሊት ፊልም እሠራለሁ፤ አሻንጉሊቱን ትንሽ አንቀሳቅሼ ፎቶ አነሳለሁ፣ ደግሞ አንቀሳቅሳለሁ፣ ፎቶዎቹ ሲከታተሉ የሚራመድ ይመስላል። ቤቴ ግን መስኮቱ ሰፊ ነው። ደመና ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ ስለሚቀያየር ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይላል። ልጆቹ ባለፈው አይተው "ዓይናችንን አመመን" አሉኝ። ልጅ ይሉኝታ አያውቅም።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ያሉት የልጅነት ጎረቤታችን እማማ ብርቄ መስኮት የሌለው ጓዳ አላቸው። ባላቸው ጋሽ ወልዴ ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ብቻቸውን ነው። ልጃቸው አብረዋት እንዲኖሩ ብትለምናቸው አሻፈረኝ ብለዋል።

ጦር ኃይሎች

"ወራጅ አለ!" ብዬ ወርጄ የስልክ ማቆሚያና ባለ ገመድ ኢርፎን ገዛሁ። በጣት ሲነኩት ስልኩ ስለሚነቃነቅ፣ የኢርፎኑን የድምፅ ቁልፍ እየተጫንኩ ፎቶ ላነሳበት ነው።

"እህት፣ ሙዚቃ ሳትሞክሪበት ትወስጃለሽ?" አለኝ ሻጩ።

"ፎቶ ላነሳበት ነው።"

ትክ ብሎ አየኝና ሳልከራከር ቀነሰልኝ። ለእብድ ቅናሽ ሳይኖረው አይቀርም።

18 ማዞሪያ

ስደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከእማማ ብርቄ አጥር ጎን ለፎቅ መሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ውሃ አቁሯል። የሽቦ አሻንጉሊቴን ጓዳው ጠረጴዛ ላይ አቆምኩት። የለበሰው ኮት እሳቸው ከሰጡኝ ከጋሽ ወልዴ ኮት ቁራጭ የተሰፋ ነው።

"በሩ ራሱ ቢከፈት እንዳትደነግጪ" አሉኝ እማማ። "ወልዴ ነው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ይመላለሳል። ልጄ ጋ የማልሄደውስ ለምን መሰለሽ? መጥቶ ቢያጣኝስ?"

ሳቅ አልኩ፤ ዓይኔ ግን ወደ በሩ ሄደ።

የሳሎኑን መጋረጃ ጎትቼ የጓዳውን በር ዘጋሁ። የመብራት ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል አምፖሉን አጥፍቼ በባትሪ የሚሠራ መብራት አበራሁ። ስልኩም በራሱ እንዳያስተካክል ብርሃኑንና ጥራቱን ቆለፍኩበት። ከዚያ ዓይኔን ከአሻንጉሊቱ ሳልነቅል እስከ ከሰዓት በኋላ ፎቶ አነሳሁ።

ፎቶዎቹን ሳስኬዳቸው ደስታዬ ወሰን አጣ። ጥርት ያለ ነው፤ ምንም ብልጭታ የለውም። አሻንጉሊቱ ኮቱን ለብሶ ይራመዳል። ከበስተኋላው ግን የዘጋሁት በር ቀስ እያለ ይከፈታል። ቀና ብዬ አየሁ፤ እውነትም ገርበብ ብሏል።

ማቆሚያው ተነቃንቆ ይሆናል ብዬ ደግሜ አየሁት። ከበሩ ጎን ምስማር ላይ በክር የተንጠለጠለው የጋሽ ወልዴ ፎቶ ጠዋት ከበሩ መቃን ጋር ትክክል ነበር፤ መጨረሻ ላይ ዘሟል። መብራቱን ይዤ ወደ ግድግዳው ጥግ ሄድኩ። ጠዋት ያልነበረ ስንጥቅ እጅ ያስገባል። ፎቶውስ በክሩ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ የዘመመው ቤቱ ነው፣ ወደ ጉድጓዱ።

"እማማ፣ ይውጡ! ቤቱ ሊወድቅ ነው!"

"ወልዴስ?"

"እሳቸው አይደሉም፤ በሩን የሚከፍተው መዝመሙ ነው። ይኸው ይዩት!"

ስልኩን ተቀብለው አዩ። አሻንጉሊቱ ተራምዶ በተከፈተው በር የወጣ ይመስላል።

"ኮቱን ለብሶ ወጣ" አሉ ቀስ ብለው። ነጠላቸውን አንስተው ተከተሉኝ። ልጃቸው ቤት አድርሻቸው ተመለስኩ።

አስኮ

ዛሬ ጠዋት ልጃቸው ደወለችልኝ፤ ጓዳው ሌሊት ጉድጓዱ ውስጥ ገብቷል። ይህ ጉዞ አንድ ነገር አስተምሮኛል፤ ካሜራው ከቆመ ዓይን የማያየው እንቅስቃሴ ሁሉ ይታያል። ይህንኑ ልነግራቸው እማማ ብርቄን አቅርቢልኝ አልኳት። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

"ያንን ፊልም ላኪልኝ" አሉኝ። "እዚህ በሩ ሌሊቱን ሙሉ ዝም ነው የሚለው።"