መወለዳቸውን ብቻ የሚናገር ሰሌዳ

ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወጣው መንገድ ዳር፣ ከጎሚስታው አለፍ ብሎ፣ የሰፈራችንን ጄኔራል የሚያስታውስ የብረት ሰሌዳ ቆሟል። ባጃጆች «ጄኔራሉ ጋ ወራጅ አለ» ሲባሉ እዚያ ይቆማሉ፣ ፍየሎች ጎናቸውን ያኩበታል፣ አንድ ትጉህ ደላላም የሚሸጥ ቤት ማስታወቂያ ለጥፎበታል። ታሪክ ለትውልድ የሚተላለፈው እንዲህ ነው። የሰሌዳው አሠሪ ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ስለነበርኩ ከክብሩ የሚደርሰኝን ድርሻ አልክድም።

ኮሚቴው ውስጥ የገባሁት ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ ነው። በእኛ ሰፈር ጡረተኛ መምህር ሥራ ፈት ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ ጽሕፈት ያለበት ነገር ሁሉ እኔ ቤት ይመጣል። ሰብሳቢያችን የወፍጮ ቤት ባለቤት ናቸው። ድምፃቸው ወፍጮውን የሚያስንቅ ስለሆነ ተቃውሞ ሳያጋጥማቸው ተመረጡ።

ጄኔራሉ ከዚሁ ሰፈር ወጥተው ወታደር ሆኑ፣ ማዕረግ በማዕረግ ላይ ደረቡ፣ አንድ ጠዋት ያኔ የነበረው መንግሥት ለስብሰባ ጠራቸውና ሄዱ። በዚያው ቀሩ። ተረሸኑ ይሁን እስር ቤት ሞቱ፣ የት እንደተቀበሩም ጭምር፣ ለቤተሰብ የነገረ የለም። የቀሩት ዘመድ ታላቅ እህታቸው ብቻ ናቸው፤ ዓይናቸውን ሞራ የጋረዳቸው፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት።

እንግዲህ እኛ ጋ ሰው የሞተበት ሰው ዝም ብሎ ተነሥቶ አያለቅስም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ገና ሳይነጋ በር አንኳኩተው መርዶ ይነግሩታል፤ ከዚያ ነው ለቅሶው። ለእማማ ግን መርዶ የሚነግር ሰው አልተገኘም፤ ለሽማግሌዎቹም የነገራቸው የለምና። መንግሥት ተለውጦ ሁሉም ነገር ይነገራል በተባለ ጊዜ እማማ እድሩን ድንኳን ትከሉልኝ ብለው ለመኑ። የእድሩ ዳኛ ደንብ አክባሪ ሰው ናቸው። «መርዶ ሳይመጣ እንዴት እንተክላለን? ነገ በሩን ከፍተው ቢገቡ ምን ልንላቸው ነው?» አሉ። ቀብር ላይ ያረፈደን የሚቀጣ እድር፣ ከሞት ቀድሞ መገኘትንም እንደማይወድ ያን ጊዜ ገባን።

ስለ ሰሌዳው ሲሰሙ እማማ አስጠሩኝ።

«ልጄ፣ መሞቱን ጻፉልኝ» አሉኝ። «ሹም ባለበት፣ ሰው ሁሉ እያየ ከተጻፈ መርዶ ማለት አይደል? ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«እሺ እማማ» አልኩ። ቀላል ነገር መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቄ ደህና አድርጎ ገጹን የሞላ ነበር። በመጀመሪያው ስብሰባ የተዋጉባቸው ግንባሮች ወጡ፤ ያኔ ጠላት የነበሩት ዛሬ ወንድም ሊሆኑ፣ ነገ ደግሞ ተመልሰው ጠላት ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ብረት ላይ መጻፍ አይመችም ተባለ። ቀጥሎ ያገለገሉት መንግሥት ወጣ፤ አንዱ አባላችን በዚያ መንግሥት ታስረው ነበር። ኒሻኖቹ ማን ሸለማቸው የሚል ጥያቄ ስላስነሱ ተከትለው ወጡ። ክርስትና የተነሡበት ደብር ሲወጣ፣ ከአርሲ የመጡት ባለሱቅ ሐጂ ብቻ «ኧረ ይኼ ምን አደረገ፣ ይቆይ» ብለው ተከራከሩ፤ ተሸነፉ። በሦስት ቋንቋ ይጻፍ ሲባል ግን የትኛው ከላይ ይሁን በሚለው ላይ የተደረገው ውጊያ፣ ጄኔራሉ ቢኖሩ ኖሮ አድንቀው የሚያዩት ነበር።

የቀሩት ሁለት ቃላት ናቸው፤ ተወለዱ እና ሞቱ። ሰብሳቢያችን ብዕራቸውን አነሡ።

«ሞቱ ካልን ማን ገደላቸው የሚል ይመጣል» አሉ። «ተወለዱ ብንል ማንም አይከሰንም።»

እማማ የለመኑት «ሞቱ» የምትለዋን አንዲት ቃል ብቻ መሆኑን ተናገርኩ። «ለእሳቸው በቃል እንነግራቸዋለን» ተባለ። ማን እንደሚነግር ግን አጀንዳ አልተያዘለትም።

የምረቃው ቀን የአዳማ አቧራ እንደ ወትሮው ቀድሞ ደርሶ ጠበቀን። እማማ ፊት ለፊት የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ አበባ ተሰጣቸው፣ ፎቶ ተነሡ። ከከተማው የመጡት ሹም ስለ ቱሪዝም ረጅም ንግግር አደረጉ። መጋረጃው ሲገለጥ ጭብጨባው ቀለጠ። እማማ እጄን ያዙኝ።

«ምን ይላል? አንብብልኝ።»

«ጀግናው ጄኔራል በዚህ ከተማ ተወለዱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ስፖንሰሮቹ ናቸው፣ እማማ።»

በዚህ መሀል መድረክ መሪው «አሁን የቤተሰብ ምስጋና» ብሎ ማይክራፎኑን አፋቸው ሥር ደቀነላቸው።

«መወለዱንማ አውቃለሁ» አሉ። «እናታችን ስታምጥ ወገቧን የያዝኩት እኔ ነኝ። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ ሹሞች ናችሁ፤ እስቲ ንገሩኝ። ወንድሜ ሞቷል?»

ሹሙ ሰብሳቢውን አዩ። ሰብሳቢው የእድሩን ዳኛ አዩ። የእድሩ ዳኛ ሰሌዳውን አዩ። እኔ በዚያ ሁሉ ስብሰባ የተናገርኩት ጨዋ ጨዋ ንግግር አሳፈረኝ፤ ከማሳፈሩም ይልቅ አናደደኝ። ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው።

«ሞተዋል፣ እማማ። ድሮ፣ ያኔ በሄዱበት ነው የሞቱት። እግዜር ያጥናዎት።»

እማማ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ከዚያ ያወጡትን ድምፅ ማይክራፎኑ እስከ መናኸሪያ ድረስ ወሰደው። ሹሙ አጥፉት ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ ባለሞንታርቦው አንገቱን ደፍቶ ቆመ እንጂ አላጠፋም። ሐጂ ቀድመው ሄዱና «አላህ ሶብሩን ይስጥዎት» ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ። ሴቶቹ ተከተሉ። የእድሩ ዳኛም፣ ለደንባቸው የሚበቃ መርዶ በጆሯቸው ስለሰሙ፣ ሰው ልከው ድንኳኑን አስመጡ። ጄኔራሉን በአካል አይቻቸው አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እንደ ሥጋ ዘመዴ አለቀስኩላቸው።

ከሣልስቱ በኋላ ለቅሶተኛው ሲበተን ልሰናበታቸው ገባሁ። እማማ በሩ አጠገብ ቆመው መቀርቀሪያውን በሁለት እጃቸው ይታገላሉ።

«ልጄ፣ ዝጎ ነው መሰለኝ እምቢ አለኝ» አሉ። «ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ዘግቼው አላውቅም። እስቲ ቀርቅርልኝና በጓሮ በኩል ውጣ።»