ዝንጅብል የሚያውቅ ሰው ፍለጋ

መኪያን የሶዶ መናኸሪያ አካባቢ ሰው የሚያውቃት በመርማሪነቷ ነው። ከአባቷ በወረሰችው ቅመም ቤት ዕቃ ሊያስረክብ የመጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠየቀው ስለ ዕቃው አይደለም፤ "ማን ያውቅሃል?" ነው። አባቷ ከስልጤ መጥተው ሱቁን ሲከፍቱ ያስተማሯት ይህንኑ ነው፤ ሻጭ ራሱን ሲያሞግስ ጆሮሽን ድፈኚ፣ ተፎካካሪው ሲያመሰግነው ግን ስሚ። ስንቱ በዚህ ጠባይዋ ተቀይሞ ወጥቷል! እሷ ምን ቸገራት።

ሳይጠየቁ የሚገቡት ጋሽ ደገፉ ብቻ ናቸው። የጉኑኖ ገበሬ ናቸው፤ ከአባቷ ጊዜ ጀምሮ ዝንጅብል የሚያመጡላት እሳቸው፣ አባቷ ሲሞቱም ከለቅሶው ያልተለዩት እሳቸው ናቸው።

ዘንድሮ በልግ ሲቃረብ ጋሽ ደገፉ ባዶ እጃቸውን መጡ። ዝንጅብላቸው ቅጠሉ እየገረጣ፣ ግንዱ እየለሰለሰ ሲወድቅ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ለዘር ያስቀመጡት ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ ይህንኑ ዘር፣ ሊድሩት ላሰቡት ልጃቸው ባካፈሉት መሬት ላይ ሊተክሉት ነው። ዘሩ የታመመ ከሆነ ግን የልጁም መሬት አብሮ ይታመማል። ይተከል ወይስ ይጣል? ያ ስልክሽ ሁሉን ያገኛል ይባላል፣ እስኪ የሚያውቅ ሰው ፈልጊልኝ አሏት።

ፈለገች። መጀመሪያ የመጣላት አንድ ጎረምሳ ነው። ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ጠርሙስ ጨብጦ፣ በአንድ ርጭት ዝንጅብል አድናለሁ እያለ በቪዲዮ ይምላል። ተከታዩ ለጉድ ነው፤ ነገር ግን ሙገሳው በሙሉ ከራሱ አፍ የወጣ ነውና አለፈችው። ዊኪፔዲያ ላይ ስለ በሽታው የተጻፈውን በስልኳ አስተርጉማ አነበበች፤ ብዙው አልገባትም። ግርጌው ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ጽሑፉ ያለውን ሁሉ ከማን እንዳገኘው በስም በስሙ ደርድሯል። ይሄማ ዋስ መጥራት ነው አለች በልቧ፤ የራሷን ገበያ ያገኘች ያህል ደስ አላት። በስሞቹ እየፈለገች ጥናቶቹን ከፈተች፤ እነሱም ግርጌያቸው ላይ ሌላ ሰው ይጠራሉ። እርስ በርሳቸው የማይስማሙት እንኳ የወላይታን ዝንጅብል ሲያነሱ አንዲት ሴት ይጠቅሳሉ፤ ዶክተር ቤተልሔም ቸሩን። መኪያ ከዚህ በላይ ምስክር አልፈለገችም። ሴትየዋ የምትሠራበት የምርምር ማዕከል ገጽ ላይ ፎቶዋም ስልኳም ነበረ።

ጋሽ ደገፉ ፎቶውን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። እኔ ይሄን ልጅ አውቃለሁ አሉ።

ከዓመታት በፊት፣ ዝንጅብሉ ገና ደህና ሳለ፣ ይህችው ሴት ተማሪ ሆና ጓሯቸው ድረስ መጥታ እፍኝ አፈር ልውሰድ ብላቸው ነበር። አፈር ደግሞ ምን ያደርግላታል? መሬት አስለክታ ግብር ልታስጨምርባቸው የመጣች መስሏቸው ሰደቧት፤ ውሻም ለቀቁባት። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። አሁን በምን አፋቸው ይለምኗት? ሽማግሌ ሳይላክ፣ ይቅርታ ሳይባል፣ የበደሉት ሰው ዘንድ ችግር ይዞ መሄድ ነውር ነው ብለው ድርቅ አሉ። ሽማግሌ ለመላክ ደግሞ እሷን የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ያን ሰው ሲያፈላልጉ ዝናቡ ጣለ፤ ጎረቤቱ ሁሉ መትከል ጀመረ፤ የልጃቸውም መሬት ታርሶ ጠበቀ።

የመኪያ ትዕግሥት አለቀ። ጋሽ ደገፉ ዘሩን ሊያሳዩአት በፌስታል ይዘው በመጡ ዕለት ሱቋ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፣ ደወለች፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን እጃቸው ላይ አኖረችው። ዶክተሯ ስታነሳ ሰላምታም አልቀደመ።

"ጉኑኖ ላይ ውሻ የለቀቅኩብሽ ሰውዬ ነኝ" አሉ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እዚህ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። ቤተልሔም ሳቀች፤ በዚያ ዘመን ያላባረራት ገበሬ ጥቂት ነው፣ የትኛው ውሻ የማን እንደነበር አታስታውስም። ሰውዬው ይህን ሁሉ ዓመት ነገሩን ተሸክመው መኖራቸው መኪያን አንጀቷን በላት።

ከዚያ ስለ ዘሩ ተነጋገሩ። ቤተልሔም ከዘሩ ቆርጠው ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ እንዲያንጠለጥሉት፣ ወተት የመሰለ ክር ከወረደው እንዳይተክሉት ነገረቻቸው። ባይወርደውም ጤነኛ ነው ብላ እንደማትምል አልደበቀችም። መኪያ የሻይ ብርጭቆዋን አጥባ ውሃ ሞላች። ሁለቱም አጎንብሰው አዩ። ነጩ ክር ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ።

ጋሽ ደገፉ የቀረውን ዘር መልሰው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱት። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። በመጨረሻ የኔ የራሴ መሬትስ መቼ ይድናል ብለው ጠየቁ።

"አላውቅም ጋሼ" አለች ቤተልሔም። "አፈርዎን ሳላይ አውቃለሁ ብል ውሸታም ነኝ።"

መኪያ ስንት ሻጭ ስትመረምር ኖራ እንዲህ የሚል አጋጥሟት አያውቅም። ሰው በትክክል መምረጧን ያን ጊዜ አመነች።

ቤተልሔም አፈሩን ልታይ ወደ ጉኑኖ ስትመጣ መኪያም ሱቋን ዘግታ አብራት ሄደች። የልጁ መሬት ላይ በዝንጅብሉ ፈንታ በቆሎ በቅሏል። ውሻው ከጓሮው ርቆ ታስሯል። ጋሽ ደገፉ ዶማውን ማንም እንዲነካባቸው አልፈቀዱም፤ ራሳቸው ቆፈሩ፣ ራሳቸው በእፍኛቸው አፈሱ፣ ወደ ቤተልሔምም ዘረጉ።

"ያኔ የለመንሽኝ ይሄን ነበር" አሉ። "ውሰጂ ልጄ።"