በምላጭ የፋቅሁት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ነቀምቴ መርፌ ልወጋ ሄጄ፣ ነርሷ ክንዴን በስፒሪት በተነከረ ጥጥ ስትጠርገው መርፌውን ረሳሁት። ያ ሽታ የአሥረኛ ክፍል ላብራቶሪያችን ሽታ ነው። መስኮቱ ግማሹ በካርቶን የተደፈነ ክፍል፣ ሰማያዊ የስፒሪት ነበልባል፣ ቆርቆሮው ላይ የሚንጣጣ ዝናብ፣ ከጎኔ ደግሞ እሷ። ምን እደብቅሃለሁ፣ ናፈቀችኝ።

ከአንገር ጉቲን የመጣች የሰፋሪ ልጅ ነበረች፤ ወላጆቿ የወሎ ሰዎች ናቸው። ከተማ ቤት ተከራይታ ነበር የምትማረው። አባቷ ውጤትሽ ከወረደ ወደ እርሻው ትመለሻለሽ ብለዋት ነበርና ከደብተሯ ቀና አትልም። እኔ የእጅ ጽሑፌ ያምራል እየተባልኩ ያደግኩ የከተማ ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ሙከራ ስንሠራ እሷ ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

የፊዚክስ መምህራችን ሰሌዳው ላይ ዓላማ፣ መሣሪያ፣ አሠራር፣ ውጤት፣ ማጠቃለያ ብለው ይጽፉና ጠመኔውን ያስቀምጣሉ። ልጆቼ ለማለት «ኢጆሌ ኮ» ነበር የሚሉን። «ኢጆሌ ኮ፣ ያያችሁትን ጻፉ። መጽሐፉ ውስጥ ያለውንማ እኔም አንብቤዋለሁ።»

የዚያን ቀን ሙከራ ውሃ ስንት ላይ እንደሚፈላ መለካት ነበር። ጎንበስ ብላ ቴርሞሜትሩን አየች። እንፋሎቱ የግንባሯን ፀጉር አርሶት ነበር። ዘጠና ሦስት አለችኝ። ሳቅሁባት። መጽሐፉ መቶ እያለ ምን ነካሽ፣ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል አልኳት።

«እኔ ያየሁትን ነው የነገርኩህ» አለች።

ጻፍኩት። ቤት ስገባ ግን ፈራሁ። ከላብራቶሪ ሪፖርት ብዙ ማርክ ይያዝ ነበርና በእኔ ቤት እሷን ማዳኔ ነው፤ በአባቴ ምላጭ ቁጥሩን ፍቄ፣ በዚያ በሚያምር ጽሑፌ መቶ ብዬ ጻፍኩበት።

መምህሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አንስተው አዩት። በፋቅሁት ቦታ ብርሃን አለፈ። ማነው ያበላሸው ሲሉ አቀርቅሬ ደብተሬን መግለጥ ጀመርኩ። እሷ ወደ እኔ ሳትዞር ሪፖርቱ የሁለታችንም ነው አለች። ለሁለታችንም ዜሮ ሰጡን። ከዚያ ነቀምቴ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ እዚህ መቶ ሳይደርስ እንደሚፈላ ነገሩን። ክፍሉ በሙሉ መቶ ብሎ ነበር የጻፈው። ትክክለኛው ቁጥር የነበረው የእኛ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ ፋቅሁት።

ሴሚስተሩ ሲዘጋ መምህሩ አዘኑላትና ቴርሞሜትሩን በጥጥ ጠቅልለው ሰጧት። አገርሽ ቆላ ነው፣ እዚያ ለክተሽ ጽፈሽ ስትመለሺ ማርኩን አስተካክላለሁ አሏት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። እኔ ነኝ የፋቅሁት ብዬ ለመምህሩ እንደምናገር በልቤ ወስኜ ነበር። ለእሷም ልነግራት አፌን ስከፍት መኪናው ተነሳ። ስትመለስ እነግራታለሁ አልኩ።

የውጤት ካርዷ ግን ከእሷ ጋር አብሮ ሄዶ ነበር። አባቷ የፊዚክሱን ውጤት አይተው አስቀሯት። ትምህርት ሲከፈት ቴርሞሜትሩ ሳይሰበር፣ በዚያው ጥጥ እንደተጠቀለለ፣ በአንድ ነጋዴ እጅ መጣ። ከአንድ ወረቀት ጋር። መምህሩ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ነኝ ያልኳቸው ያኔ ነው። አውቃለሁ አሉኝ።

ወረቀቱ ዛሬም አለኝ። ጽሑፏ ጠማማ ነው፤ ስርዝ ድልዝ ግን የለበትም። መሣሪያ በሚለው ሥር የእናቴ ድስት ብላለች። ውጤት፣ ዘጠና ስድስት። ማጠቃለያ በሚለው ሥር ደግሞ፣

«አገሩ ዝቅ ሲል ውሃው ለመፍላት ይዘገያል። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ጸሐፊ ስላልነበረኝ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።»