የኮምቦልቻው ባዶ ግቢ እንዴት እንደተሸጠ

ንብረት ማስወገድ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ቀን ኃላፊዬ አቶ ጌታሁን በመሥሪያ ቤቱ መኪና ከደሴ ይዘውኝ ወጡ። የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ገባን። ሥራዬ መንግሥት የማይጠቀምበትን ንብረት መለየት፣ ያለበትን ሁኔታ መመርመርና ለአስወጋጅ ኮሚቴው ማቅረብ ነበር። እኔ የጠበቅኩት የተሰበረ ወንበርና ያረጀ ጎማ ነው። መኪናው የቆመው ግን አንድ ሰፊ ግቢ በር ላይ ነበር።

ግቢው ድሮ የመሥሪያ ቤታችን ቅርንጫፍ ነበር። ቅርንጫፉ ከታጠፈ ቆይቷል። ጋሽ እንድሪስ የሚባሉ ጥበቃ በሩን ከፈቱልን። ከፊት ባለብዙ ክፍል ቢሮ፣ ከኋላ መጋዘን አለ። ጣሪያው አፍስሶ ኮርኒሱ ወርዷል። ሰው የሚባል ግን የለም።

«ይሄ ለምን አልተወገደም?» አልኩ።

አቶ ጌታሁን ሳቅ አሉ። «ዘሀራ፣ አዲስ ስለሆንሽ ነው። ቤት የሸጠ ኃላፊ ይጠየቃል። ቤት ቆልፎ የተቀመጠን ግን የሚጠይቀው የለም።»

ያን ቀን ነገሩን ተውኩት። የተውኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ደሴ ያለው ቢሯችን የግለሰብ ቤት ነበር፤ በኪራይ፣ አንድ ጠረጴዛ ለሦስት ተጋርተን እንሠራለን። መንግሥት ለሚያስፈልገው ቤት ኪራይ፣ ለማያስፈልገው ቤት ጥበቃና መብራት ይከፍላል። ይህን ለማየት ትምህርት አይጠይቅም፤ ለመናገር ግን ደፋር ጠፋ።

በየዓመቱ ግቢውን ለኮሚቴው አቀርባለሁ። አቶ ጌታሁን «ለወደፊት ማስፋፊያ ይቆይ» ብለው ከዝርዝሩ ያወጡታል። ኩታበር የነበረንን አሮጌ መጋዘን በሸጥን ጊዜ እንኳ ኮምቦልቻን እንዳላነሳ አስጠነቀቁኝ። አነሳሁት። የሥራ ባልደረቦቼ «ይቺ ልጅ የመንግሥት ቤት ካልሸጠች እንቅልፍ አይወስዳትም» እያሉ ይቀልዱብኝ ጀመር። ቀልዱን ወደድኩት።

ያልወደድኩት የጋሽ እንድሪስን ጥያቄ ነው። አንድ ቀን ግድግዳው ላይ የወጣውን ስንጥቅ ስለካ አጠገቤ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይሄ ቤት ሲሸጥ እኔ የት ልገባ ነው?» አሉኝ። አገልግሎታቸው ለጡረታ ገና አልሞላም።

«ሌላ ቦታ ሳይመደቡ አይሸጥም» አልኳቸው። ይህን ለማለት ሥልጣን አልነበረኝም።

ከዚያ ሐጂ ሷሊህ ቢሮ መጡ። የደሴ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ አያታቸው ከየመን የመጡ።

«አሰላሙ አለይኩም። አባትሽን አውቃቸዋለሁ። ያን ግቢ ያለ ጨረታ በግምት ዋጋው ስጡኝና ተገላገሉት። ወላሂ፣ አሳምሬ ነው የምይዘው።»

«ወአለይኩም ሰላም። እርስዎ እንደሚይዙት አልጠራጠርም ሐጂ። ግን ሰው ሁሉ ሰምቶ ሳይወዳደር ለማንም አይሰጥም።»

«እሺ፣ ጨረታው መቼ ነው?»

ቀኑን የምወስነው እኔ አልነበርኩም። አፈርኩም፣ ተናደድኩም።

ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪዎች ከክልል መጡ። አቶ ጌታሁን ስለ ግቢው ሲጠየቁ እንደልማዳቸው፣ «ለማስፋፊያ የተያዘ ነው» አሉ።

«ማስፋፊያ የሚባል የለም» አልኩ ከመቀመጫዬ ተነስቼ። «ግቢውን ሳታዩት አትሂዱ።»

አቶ ጌታሁን ፊታቸው ጠቆረ። «ዘሀራ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ እንሂድ።»

ሄድን። የቡድኑ መሪ ክፍሎቹን ዞራ አየችና ጋሽ እንድሪስን፣ «በዚህ ቤት ማን ይሠራል?» ብላ ጠየቀች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሳቸው እውነቱን ከተናገሩ በገዛ እንጀራቸው ላይ መፍረዳቸው ነው። አቶ ጌታሁን አፍጥጠው ያዩዋቸዋል።

«ወላሂ ከኔ በቀር የሚገባ የለም» አሉ። «እኔም የምጠብቀው በሩን እንጂ ሥራ አይደለም።»

በዚያው ሰሞን በተቆጣጣሪዎቹ ሪፖርት ግቢው እንዲወገድ ተወሰነ። የጨረታ ማስታወቂያውን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አላዘጋጀሁም። አቶ ጌታሁን አስጠሩኝ።

«ሽጡ ሽጡ ስትይ ኖረሽ አሁን ምን ሆንሽ?»

«ጋሽ እንድሪስ ይመደቡ፤ ማስታወቂያው ያኔውኑ ይወጣል።»

«ለአንድ ጥበቃ ብለሽ?»

«አዎ፣ ለአንድ ጥበቃ።»

እከስሻለሁ አሉ። ይክሰሱኝ አልኩ። ውሳኔውን ማዘግየት ስላልተቻለ ጋሽ እንድሪስ እዚያው ኮምቦልቻ አንድ ትምህርት ቤት ጥበቃ ሆነው ተመደቡ፤ እኔ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ማስታወቂያው በነጋታው ተለጠፈ።

ሐጂ ሷሊህ እንደማንኛውም ሰው ሰነድ ገዝተው ተወዳደሩ፤ ተሸነፉም። ያሸነፈው የዳቦ ፋብሪካ ሊከፍት ያሰበ የኮምቦልቻ ሰው ነው። ዛሬ በዚያ በር ጠዋት ጠዋት ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች የሚሄዱ ሠራተኞች ተሰልፈው ዳቦ ይገዛሉ። ሐጂ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «አስቸገርሽን እኮ» ይሉኛል፤ ሰላምታቸውን ግን አላቋረጡም።

አቶ ጌታሁን አቋረጡ። እድገት በመጣ ቁጥር ስሜ ተዘለለ፤ ጡረታ የወጣሁትም እዚያው ደረጃ ላይ እንዳለሁ ነው። አንድም ቀን አልቆጨኝም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ የምለው ይህ ነው። የማትሠሩበትን ቤት ቆልፎ መያዝ ጥንቃቄ አይደለም፤ ብክነት ነው። በግልጽ ጨረታ ሽጡት። ከመሸጣችሁ በፊት ግን በር ላይ ያለውን ሰው መድቡ።