በሂሳብ ሰዓት የሚጠፋው ሞተር

ባለፈው ሳምንት የመጨረሻዋ ልጄ ከማንጎው ሥር ተቀምጣ፣ ስልኳ ውስጥ ያለ አስተማሪ ሂሳብ ያስተምራት ነበር። ሰውዬው ትንሽ ይናገራል፤ በጣቷ ነካ ስታደርገው አፉን እንደከፈተ ቀጥ ይላል። ጽፋ ስትጨርስ ደግሞ ነካ፤ ካቆመበት ይቀጥላል።

"ይሄ ሰው ምንም አይልሽም?" አልኳት።

"ምን ይለኛል አባባ፣ ቪዲዮ እኮ ነው!"

እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን የድሮው ትዝ አለኝ። በኛ ጊዜ እንዲህ ያለውን አስተማሪ ለማስቆም ሞተር ማጥፋት ያስፈልግ ነበር።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከወሎ ወደ ጋምቤላ በሰፈራ ስንመጣ ልጅ ነበርኩ፤ ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ትቼ ከአባቴ ጋር በቆሎ ሳርስ ኖርኩ። በኋላ ጄኔሬተር መጠገን ለመድኩና ጋምቤላ ከተማ ገብቼ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተቀጠርኩ። ፕላዝማ የሚሉት ትልቅ ቴሌቪዥን በየክፍሉ የገባበት ዘመን ነው። የከተማው መብራት አያስተማምንም፤ ፕላዝማው የሚሠራው በኔ ሞተር ነበር።

የፕላዝማው አስተማሪ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው፤ ሲናገር ደግሞ ዝናብ የመጣበት ሰው ይመስል ይሮጣል። ጥያቄ ይሰጥና "ሥሩ" ይላል፤ ልጆቹ እስክሪብቶ ሳያነሱ ራሱ መልሶ ያልፈዋል። አኙዋውም፣ ኑዌሩም፣ የሰፋሪው ልጅም በዚያ ሙቀት አፉን ከፍቶ ያየዋል። በመጨረሻ "ባይ" ሲላቸው ብቻ ክፍሉ በሙሉ እጁን እያወዛወዘ "ባይ!" ይላል። ከትምህርቱ ሁሉ በደንብ የገባቻቸው እሷ ቃል ነበረች።

የሂሳብ መምህሩ ኡመድ የጎግ ወረዳ ልጅ፣ አኙዋ ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ሂሳቡን እያወቀው ፕላዝማው እስኪጨርስ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ መመሪያው እንደዚያ ነው። አንድ ቀን ወደ ሞተር ቤቱ መጣና፣

"ሰይድ፣ ይሄ ሞተርህ ታሞ አያውቅም?" አለኝ።

"እኔ እያለሁ? ምን ሆኖ!"

"እኔ የክፍሌን የኋላ የቆርቆሮ መስኮት ስከፍት ትንሽ ቢያመው ጥሩ ነበር።"

ገባኝ። ከዚያ በኋላ መስኮቱ ሲከፈት አጠፋለሁ። "አይ ይሄ ሞተር!" ይላል ኡመድ ጮክ ብሎ፤ ልጆቹ ይስቃሉ። ከዚያ ጠመኔውን አንስቶ በአማርኛም በአኙዋኛም ያስረዳቸዋል፤ ለኑዌሩ ልጅ ጓደኛው ይተረጉምለታል። አንዳንዴ ግቢ አውጥቶ የማንጎ ዛፍ ቁመት በጥላው ያስለካቸዋል። የሌላው ክፍል መምህራንም ሞተሩ ሲጠፋ ሲከፋቸው አላየሁም።

እውነቱን ልናገርና፣ የማጠፋው ለክፍሉ ሁሉ ብዬ አልነበረም። ከተማሪዎቹ አንዷ ለሆነችው ለአሪየት ብዬ ነው። እናቷ ባሮ ወንዝ ላይ ካለው ድልድይ አጠገብ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች፤ አሪየት ስታግዛት እኔ ምሳዬን እዚያ እበላለሁ። ከባሮ ነፋስ ይመጣል፣ ዘይቱ ይንጣጣል፣ እሷ ትቀልድብኛለች። "አንተ ሐበሻ፣ አጥንት ነው እንጂ ፈንጂ አይደለም፤ ብላ!"

አሥረኛን ካለፈች መምህራን ኮሌጅ ልትገባ፣ ሩቅ ልትሄድ ነው። ከወደቀች እዚያው ዓሣው ጋ ትቀራለች። ያስፈራት የነበረው ሂሳብ ብቻ ነው። ለኔ ብትወድቅ ይሻለኝ ነበር፤ በየቀኑ አያታለሁ፣ ምናልባትም አንድ ቀን ደፍሬ እናገራለሁ። ይህን እያወቅሁ መስኮቱ በተከፈተ ቁጥር አጠፋ ነበር። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ሰው የሚወደውን ሰው ማየት የሚፈልገው ሲስቅ ነው።

ግንቦት ላይ፣ ፈተናው ሲቃረብ፣ ተቆጣጣሪ መጣ።

"ይሄ ሞተር በሂሳብ ሰዓት ብቻ የሚጠፋው ለምንድነው?"

"ሂሳብ ይከብደዋል ጌታዬ" አልኩት።

አልሳቀም። "ከነገ ጀምሮ እዚሁ ቆሜ አያለሁ" አለኝ።

ያን ቀን አሪየት ዓሣውን አቀረበችልኝና ሳትቀልድ ቆመች። "ነገ መስኮቱ ቢከፈትስ?"

"ተቆጣጣሪው አጠገቤ ይቆማል።"

"እንግዲያው አለቀልኝ። ገና አሁን ነበር የሚገባኝ።"

በማግስቱ ተቆጣጣሪው ሲመጣ ሞተሩን ፈታትቼ በሸራ ላይ ዘርግቼው አገኘኝ። ብሎን በብሎን። አንድ ያለቀ ዕቃ አንስቼ አሳየሁት፤ ማለቁ ውሸት አልነበረም፣ እንደዚያው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ኖሯል እንጂ።

"መቼ ይገጠማል?"

"ይሄ ከአዲስ አበባ ሲመጣ።"

ዝናቡ ጀምሮ መንገዱ ጭቃ ሆኗል፣ መኪና አያሳልፍም። ሰውየው እኔን አየኝ፣ ከዚያ የጫማውን ጭቃ አየ። "አንተ ደረቅ!" ብሎኝ ሄደ። እስከ ፈተናው ድረስ ኡመድ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍቶ በጠመኔ አስተማረ። እኔንም ከሥራ አሰናበቱኝ። አልተከራከርኩም።

አሪየት አለፈች። የምትሄድ ቀን መናኸሪያ ሄድኩ፤ የምናገረውን መንገድ ላይ ሳጠና ነበር። እሷ ቀደመችኝና በቅጠል የተጠቀለለ ዓሣ ሰጠችኝ። "አጥንቱን አውጥቼልሃለሁ" አለችኝ። ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝ። "ደህና ግቢ" ብቻ አልኳት። አውቶቡሱ ድልድዩን ሲሻገር ቆሜ አየሁት።

ልጄ ስልኳን አስቀምጣ ትሰማኛለች። "ከዚያስ አባባ?"

"ከዚያማ እናትሽን አገባሁ።"

እናቷ ከቤት ውስጥ ሆና "ደግሞ ያቺን ታሪክ ጀመረ!" አለች። ልክ ናት። ጥሩ ሴት አግብቻለሁ፣ ልጆች አሳድጌያለሁ፤ ቅሬታ የለኝም።

አሪየት አሁን ጎግ ውስጥ ሂሳብ እንደምታስተምር ኡመድ ነግሮኛል። ጎግ ሩቅ አይደለም። ጠዋት የወጣ መኪና በጊዜ ይደርሳል። ሄጄ አንድ ጊዜ፣ ከውጭ ሆኜ፣ ስታስተምር ብሰማት እላለሁ። ክረምት ሲሆን ዝናቡ ያባራ እላለሁ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ሙቀቱ ይብረድ እላለሁ።