ፑንታ ካናን በቃሉ የሚያውቀው ተሳፋሪ

ከላንግሊ ፓርክ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚሄደው አውቶቡስ አንድ ሊቅ ይሳፈራል። የጥበቃ ሠራተኛ ደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ያልተጠየቀውን ያስተምራል። ዛሬ ዕድሉ የደረሳት ለዕረፍት ባሕር ማዶ ወዳለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ፣ ፑንታ ካና፣ እንደምትሄድ በስልክ ስታወራ የሰማት ወጣት ናት።

«እህቴ፣ ዓሣ ሆቴል ውስጥ እንዳትበዪ፤ ዓሣ ከአጥማጆቹ መንደር ነው። ሳኦና ደሴት ደርሶ ለመመለስ የማለዳውን ጀልባ ያዢ። ለፍልሰታ ጾም ሰሞን ደግሞ ቲኬት እንዳትቆርጪ፤ አንድ የአስፐን ሂል የሐበሻ ቤተሰብ ምግቡ ሁሉ አስቀድሞ የተከፈለበት ሆቴል ገብቶ ሳምንቱን ሙሉ ሰላጣ ሲግጥ ሰነበተ!»

«ጋሼ፣ እርስዎ ስንቴ ሄደዋል?»

«እኔማ የጥገኝነት ጉዳዬ ገና አልተወሰነም፤ ከዚህ አገር ከወጣሁ መመለሻ የለኝም» አለ፣ የግርጌ ማስታወሻ እንደሚያነብ መምህር። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፤ «ስትመለሺ ንገሪኝ እስቲ፤ ውሃው ይሞቃል?»